የበላበትን ወጪት የማይሰብር ማኅበር

ዴቪድ ጌልባም በሒሳብ ችሎታው ወል ስትሪት ላይ የከበረ ሰው ነበር። ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም ነበር፤ ሲሰጥም በአብዛኛው ስሙን ሸሽጎ ነበር የሚሰጠው። በጥቅምት 2004 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሴራ ክለብ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰጠው እሱ መሆኑን ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጻፈ። ጌልባም ለጋዜጣው የሰጠው ቃል ግን ከገንዘቡ በላይ ነው ያነጋገረው። በ1994 ወይም በ1995 የክለቡን ዋና ዳይሬክተር ካርል ፖፕን፣ ክለቡ ስደተኛን የሚቃወም አቋም ከያዘ ከእኔ አንዲት ዶላር አያገኝም ብዬዋለሁ አለ።

ሴራ ክለብ በ1892 በጆን ሙር መሪነት የተቋቋመ፣ የአሜሪካን ዱር ከግድብ፣ ከመጋዝና ከማዕድን ቆፋሪ ሲከላከል የኖረ ማኅበር ነው። ስደተኛ ምን አገባው የሚል ካለ፣ ጉዳዩ የገባው በሕዝብ ብዛት በኩል ነው። ሰው ሲበዛ ቤትና መንገድ ይበዛል፣ ድቡና ተኩላው የሚመላለስበት መሬት ይጠባል፤ የአሜሪካን ሕዝብ የሚያበዛው ደግሞ ስደት ነው፤ ክርክሩ ይኸው ነበር። በ1989 ክለቡ ራሱ፣ ወደ አሜሪካ የሚገባው ሰው የሕዝቡ ቁጥር እንዲረጋ ከሚያስችለው መጠን ማለፍ የለበትም ይል ነበር። በ1996 ቦርዱ ይህን ትቶ በስደት ጉዳይ ገለልተኛ ነን አለ። በ1998 ነገሩ ለአባላት ድምፅ ቀረበና 60 በመቶ ያህሉ ገለልተኝነቱ ይጽና አሉ። በ2004 የጸደይ ወራት የሌላው ወገን ሰዎች በቦርድ ምርጫ በኩል ሞከሩ። የቀድሞውን የኮሎራዶ ገዥ ሪቻርድ ላምን ጨምሮ ሦስት ዕጩዎች አቆሙ፤ ከ170,000 በላይ አባላት ድምፅ ሰጡና ሦስቱም በሰፊ ልዩነት ወደቁ። በ2013 ደግሞ ቦርዱ ገለልተኝነቱንም ትቶ፣ ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች ዜግነት የሚያገኙበት መንገድ ይከፈት ብሎ በግልጽ ደገፈ።

ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሐበሻ ጌልባምን ሊወድደው ይችላል። እኔም አቋሙን አልጠላሁትም። የለጋሽ ገንዘብ የማኅበርን አፍ እንዴት እንደሚገራ ለማየት ምሳሌው ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው፦ ውጤቱን የምንወድደው ሲሆን፣ ውጤቱ የተገኘበትን መንገድ ለመመርመር ማንም አይቸኩልም።

እስቲ ቅደም ተከተሉን እንየው። ማስጠንቀቂያው በ1994 ወይም በ1995 ተሰጠ፤ ገለልተኝነቱ በ1996 መጣ፤ ትልቁ ገንዘብ በ2000 እና በ2001 ገባ። ፖፕ ውሳኔው ከገንዘቡ ጋር አይገናኝም ብሏል፤ ሐሰት ነው የምንልበት ማስረጃ የለንም። ቦርዱ ውስጥ ገንዘብ ባይኖርም ገለልተኝነትን የሚመርጡ ብዙዎች ነበሩ፤ አባላቱም ሁለት ጊዜ ተጠይቀው ሁለት ጊዜ አጽድቀውታል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በ1998ም ሆነ በ2004 የጸደይ ምርጫ ድምፅ የሰጠው አባል፣ ከጉዳዩ ጀርባ እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተናገረ ሰው እንዳለ አያውቅም ነበር። ጋዜጣው የጻፈው ምርጫው ካለፈ ከወራት በኋላ ነው። አባሉ በነጻ መርጧል፤ ግን ግማሹ ጠረጴዛ ተሸፍኖበት ነው የመረጠው።

ያው ክለብ በሌላ ጉዳይ ላይ ያደረገው ለብዙ አባላቱ ይበልጥ የሚያሳፍር ነበር። ከ2007 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከቼሳፒክ ኢነርጂ ሰዎች፣ በዋናነት ከኩባንያው አለቃ ከኦብሪ ማክሌንደን፣ ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀበለ። ገንዘቡ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን ለማዘጋት ለሚደረገው ዘመቻ ነበር። ቼሳፒክ የተፈጥሮ ጋዝ ኩባንያ ነው፤ የከሰል ማመንጫ ሲዘጋ ማን እንደሚሸጥ ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። በእነዚያ ዓመታት የክለቡ አመራር ጋዝን ወደ ንጹሕ ኃይል የሚያሻግር ድልድይ አድርጎ ሲያቀርብ፣ በፔንሲልቬኒያና በኒውዮርክ ያሉ ቅርንጫፎቹ ደግሞ ጋዝ ለማውጣት ድንጋይ የሚሰነጥቀውን ቁፋሮ በሰፈራቸው ይታገሉ ነበር። ማይክል ብሩን በ2010 ኃላፊነቱን ሲረከብ ስጦታውን አቆመ፤ ሊመጣ የነበረ ሌላ 30 ሚሊዮን ዶላርም ሳይቀበል ቀረ። ሕዝቡ የሰማው ግን በየካቲት 2012 ታይም መጽሔት ሲያወጣው ነው። በመካከሉ፣ በ2011፣ ማይክል ብሉምበርግ ለዚያው የከሰል ዘመቻ 50 ሚሊዮን ሰጠ። ዘመቻው አልተቋረጠም፤ የለጋሹ ስም ነው የተለወጠው።

ሰዎች የለጋሽ ተጽዕኖ ሲባል ስልክ ተደውሎ «ይህን በሉ፣ ያንን አትበሉ» የሚባል ይመስላቸዋል። እንደ ጌልባም ፊት ለፊት የሚናገር ለጋሽ ብርቅ ነው፤ ቢያንስ የቆመበት ይታወቃል። የተለመደው ከዚህ የጸጥታ ነው፤ የሚሠራውም ከሒሳብ ክፍል ነው።

በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር የሚያንቀሳቅስ የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር እንውሰድ። ከዚህ ገንዘብ ትልቁ እጅ የታሰረ ነው፤ ለዚህ ፓርክ፣ ለዚህ እንስሳ፣ ለዚህ ሥልጠና ተብሎ የመጣ። ያልታሰረው፣ ማኅበሩ እንዳሻው የሚያደርገው፣ ትንሹ ነው። መግለጫ የሚጽፈው የፖሊሲ ባለሙያ ደመወዝ ከየት ይከፈላል? ብዙ ጊዜ ተከፋፍሎ ነው፤ 40 በመቶ ከአንዱ ፕሮጀክት፣ 40 በመቶ ከሌላው፣ 20 በመቶ ካልታሰረው። በወሩ መጨረሻ የሰዓት መመዝገቢያ ትሞላለች። አንድ ግድብ የጎሽ መሻገሪያን ይዘጋል ብላ ሦስት ቀን ቁጭ ብላ የተቃውሞ ሰነድ ካዘጋጀች፣ ሦስቱን ቀን በየትኛው ኮድ ታስገባው? በፕሮጀክቱ ካስገባችው ኦዲተሩ ከተፈቀደው ሥራ ውጭ ነው ብሎ ይጥለዋል፣ ማኅበሩም ገንዘቡን ይመልሳል። ካልታሰረው እንዳታስገባው፣ 20 በመቶው በወር አራት የሥራ ቀን ነው፤ እሱንም ስብሰባ በልቶታል። ሰነዱ ሳይጻፍ ይቀራል። ማንም አልከለከላትም።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። ግራንት፣ ማለት ለጋሽ ለፕሮጀክት የሚሰጠው ገንዘብ፣ የሚሰጠው ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ነው፤ የማደሻው ፕሮፖዛል የሚገባው ጊዜው ሊያልቅ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ሲቀረው ነው። አራትና አምስት ለጋሽ ያለው ማኅበር ስለዚህ ሁልጊዜ ከአንዱ መልስ እየጠበቀ ነው። በለጋሹ ኩባንያ ወይም መንግሥት ላይ ጠንከር ያለ ቃል ለመናገር የሚመች ወር በዓመት ውስጥ አይገኝም። «ትንሽ እንቆይ፣ ውሉ ይፈረም» ይባላል። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ የቆየ መግለጫ ማንንም አይጎዳም። እስኪፈረም ግን ግድቡ ተሠርቷል።

ሦስተኛው የክፍያው ዓይነት ነው። ብዙ የመንግሥት ለጋሾች ቀድመው አይከፍሉም፤ ማኅበሩ ያወጣል፣ ደረሰኝ ያቀርባል፣ ከዚያ ይተካለታል። ስለዚህ ማኅበሩ ሁልጊዜ ለለጋሹ የሁለትና የሦስት ወር ወጪ አበዳሪ ነው። ክፍያ ማዘግየት ውል ማፍረስ አይደለም፤ «ሰነዱ እየታየ ነው» ብቻ ይበቃል። ለሦስት ወር የጥበቃ ሠራተኞች ደመወዝ መጠባበቂያ የሌለው ማኅበር ይህን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ የሚሰማው ሌላ ነው። ውሉ ላይ ደግሞ ሁለት አንቀጾች አይጠፉም፤ የለጋሹ ስም የሚጠቀስበት ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ይታይ የሚለው፣ እና ለጋሹ ምክንያት ሳይሰጥ በአጭር ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል የሚለው። ሁለቱም ለብቻቸው ሲታዩ ምክንያታዊ ናቸው።

ይህ ሁሉ መግለጫው ላይ እንዴት እንደሚታይ ማየት የሚፈልግ የረቂቆቹን ቅደም ተከተል ይመልከት። የመጀመሪያው «የመንገዱን ፕሮጀክት እንቃወማለን» ይላል። ከፕሮግራም ኃላፊው ሲመለስ «በመንገዱ ፕሮጀክት ላይ ያለንን ስጋት እንገልጻለን» ሆኗል። ዳይሬክተሩ ጋ ደርሶ «ተጨማሪ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲደረግ እናበረታታለን» ይሆናል። ከቦርድ ሲወጣ «ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ገንቢ ውይይት እያደረግን ነው»። አራቱም ረቂቆች እውነት ናቸው። ለሚኒስትሩ ጠረጴዛ የሚደርሰው አራተኛው ነው።

ገንዘቡ መሬት ሆኖ ሲመጣ ደግሞ አቋሙ ከነመሬቱ ይወረሳል። ቴክሳስ ውስጥ፣ ጋልቬስተን የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ የአትዋተር የሜዳ ዶሮ የሚባል ቆቅ የሚመስል ወፍ ነበር፤ ወንዱ አንገቱ ላይ ያለውን ብርቱካናማ ከረጢት ነፍቶ እየጨፈረ ሴት የሚጠራ። በመጨረሻ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ የሞቢል ነዳጅ ኩባንያ መሬት ነበር፤ ሞቢል በ1995 ኔቸር ኮንሰርቫንሲ ለተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ሰጠው። መሬቱ ውስጥ ነዳጅና ጋዝ አለ። በ1999 ድርጅቱ፣ ወፉን ሊጠብቅ የተረከበው ድርጅት፣ በዚያው መጠለያ አዲስ የጋዝ ጉድጓድ አስቆፈረ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ መጥፎ አልነበረም፤ በጋዙ ገቢ ሌላ የወፍ መኖሪያ ይገዛል። በ2003 ዋሽንግተን ፖስት ጉዳዩን ሲያወጣው ድርጅቱ በመጠለያዎቹ ላይ አዲስ ቁፋሮ እንደማይጀምር ተናገረ። በ2007 ግን በዚያው መሬት ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ድርጅቱ የቀደመው የኪራይ ውል አስገድዶኛል አለ። በ2012 በመጠለያው አንድም የሜዳ ዶሮ አልቀረም። ወፉን ያጠፋው ቁፋሮው አይደለም ይላል ድርጅቱ፤ ዝርያው በየቦታው እየሞተ እንደነበርም እውነት ነው። እኔ የምለው ስለ ወፉ ሳይሆን ስለ አፉ ነው። የገዛ መጠለያው ውስጥ የጋዝ ጉድጓድ ያለው ድርጅት በሌላ የዱር ቦታ ስለሚቆፈር ጉድጓድ ምን ብሎ ይናገራል? በ2010 የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በቢፒ ነዳጅ ሲጥለቀለቅም፣ ይኸው ድርጅት ከቢፒ በጥሬ ገንዘብና በመሬት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሲቀበል መቆየቱ ያን ጊዜ ነው አባላቱ ጆሮ የደረሰው።

ሕጉም የራሱ ድርሻ አለው። በሰኔ 1966 ሴራ ክለብ በግራንድ ካንየን ላይ የታሰቡትን ግድቦች የሚቃወም የሙሉ ገጽ ማስታወቂያ በኒውዮርክ ታይምስና በዋሽንግተን ፖስት አወጣ። የአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በማግስቱ ደብዳቤ ላከ፤ ክለቡ በመጨረሻ ስጦታን ከግብር የሚያስቀንሰውን መብቱን አጣ። ትልልቅ ስጦታዎች ቀነሱ፤ ተራው ሕዝብ ግን በቁጣ እየጎረፈ አባል ሆነ፣ ግድቦቹም በ1968 ቀሩ። ሌሎች ማኅበራት ከዚህ የተማሩት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው።

ዛሬ በአሜሪካ 501(ሲ)(3) የተባለው ዓይነት ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለምርጫ ዕጩ ጨርሶ መቀስቀስ አይችልም፤ ሕግ አውጪዎችን መወትወት ግን በልክ ይችላል። በ1976 በወጣው አማራጭ መሠረት ልኩ በገንዘብ ይሰላል፦ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ወጪ 20 በመቶ፣ ከሚቀጥለው 500,000 15፣ ከሦስተኛው 10፣ ከዚያ በላይ ካለው 5፤ ጣሪያው 1 ሚሊዮን ዶላር። ጣሪያው ያኔ እንደተቆረጠ አለ፤ የኑሮ ውድነት አልነካውም። 2 ሚሊዮን የሚያወጣው ማኅበራችን በዚህ ስሌት 250,000 ዶላር ለውትወታ ማዋል ይችላል። ከዚህ ሩቡን እንኳ የሚጠቀም ብዙ የለም፤ «ሕጉ አይፈቅድልንም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ «ለጋሻችን አይወድልንም» ከሚለው የቀለለ ሆኖ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የ2 በመቶው ደንብ ነው። ድርጅቱ የሕዝብ ነው እንጂ የአንድ ቤተሰብ አይደለም ለመባል፣ በአምስት ዓመት ከገባለት ድጋፍ ቢያንስ ሲሶው ከሕዝብ የመጣ መሆን አለበት። ከአንድ ግለሰብ ወይም ኩባንያ የሚመጣ ገንዘብ ከጠቅላላው 2 በመቶ እስኪሞላ ብቻ እንደ ሕዝብ ድጋፍ ይቆጠራል። የመንግሥት ግራንት ግን በሙሉ ይቆጠራል፤ ራሱ በሕዝብ ከሚደገፍ ሌላ የበጎ አድራጎት ድርጅት የመጣም እንዲሁ። ለጋሹ በስሙ ሳይሆን በሚያማክረው ፈንድ በኩል፣ ማለት ገንዘቡን ለሌላ የበጎ አድራጎት ድርጅት አስረክቦ ለማን ይሰጥ የሚለውን ብቻ እየመከረ ሲሰጥ፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያ ድርጅት ስለሆነ ሙሉውን እንደ ሕዝብ ድጋፍ ማስገባት ይቻላል፤ ስሙም አይታይም። ደንቡ የአንድን ሰው ጫና ለመቀነስ የወጣ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ግን ወደ ሁለት ምንጮች እንዲያዘነብል ያደርገዋል፤ ወደ መንግሥትና ወደ ስም የለሹ።

ማየት ለሚፈልግ ሰነዱ አለ። አብዛኛው ትልቅ የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቅጽ 990 የተባለውን ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ያስገባል፤ ሕዝብ ሊያየው ይችላል። የለጋሾች ዝርዝር ያለበት አባሪ ቢ ለሕዝብ ሲወጣ ስሞቹ ተሰርዘው፣ መጠኖቹ ብቻ ቀርተው ነው። መጠኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ከ30 ሚሊዮን ገቢ ውስጥ አንድ መስመር 9 ሚሊዮን ካለ፣ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ማኅበሩ ጉንፋን ይይዘዋል። አባሪ ሲ ለውትወታ የወጣውን ያሳያል፤ ከላይ ካለው ጣሪያ ጋር ማስተያየት ነው። አባሪ ኤል ከቦርድ አባላትና ከቅርብ ሰዎች ጋር የተደረገውን ንግድ። ስሙን ለማግኘት መንገዱ ከሰጪው በኩል ነው፦ የግል ፋውንዴሽኖች የሚሞሉት 990-ፒኤፍ ለማን ስንት እንደሰጡ በስም ይዘረዝራል፣ አይሰረዝም። ተቀባዩ የሸሸገውን ሰጪው ይነግርሃል። ሰነዶቹ ከሥራው ዘመን አንድ ዓመት፣ አንዳንዴ ሁለት ዓመት ዘግይተው ነው የሚወጡት፤ የዛሬውን መግለጫ በዛሬው ገንዘብ መመዘን አይቻልም።

ከዚያ መግለጫዎቹን በዓመት በዓመት ደርድሮ ከገንዘቡ ጋር ማየት ነው። የተባለውን ብቻ ያየ ይሸወዳል። ማኅበሩ በአምስት አገር ስለ ነዳጅ ቁፋሮ ተናግሮ በስድስተኛው ዝም ካለ፣ ስድስተኛውን አገር ፈልግ።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደማይነሳው ነገር ልምጣ። ባለ 20 ዶላሩ ለጋሽም ለጋሽ ነው፤ እሱም ይጫናል። የአፍሪካ ዝሆን በ1979 ከነበረበት 1.3 ሚሊዮን ገደማ በአሥር ዓመት ወደ 600,000 አካባቢ ወረደ። ኬንያና ታንዛኒያ የዝሆን ጥርስ ንግድ ፈጽሞ ይታገድ ሲሉ፣ ኬንያም በሐምሌ 1989 12 ቶን ጥርስ ናይሮቢ ላይ ስታቃጥል፣ ትልልቆቹ ማኅበራት ቀደም ሲል አመንትተው ነበር። ዚምባብዌና ቦትስዋና ዝሆናቸው እየበዛ ነበርና ሥጋውና ጥርሱ ለገበሬው ገቢ ካላመጣ ገበሬው ዝሆኑን አይታገሥም ይሉ ነበር፤ የማኅበራቱ ባለሙያዎች ውስጥም ይህን የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። ግን በፖስታ ገንዘብ የሚልከው አሜሪካዊና አውሮፓዊ በቴሌቪዥን የሚያየው ፊቱ በመጋዝ የተገነጠለ ዝሆን ነው። የእንስሳት መብት ቡድኖች «እገዳ» የሚል ፖስታ እየላኩ ገንዘቡን ሲሰበስቡት፣ «ነገሩ እንደ አገሩ ይለያያል» የሚል ፖስታ ማን ይከፍታል? በጥቅምት 1989 ሎዛን ላይ የንግድ እገዳው ሲጸድቅ ያመነቱትም ከደጋፊዎቹ ጋር ነበሩ። እገዳው ለምሥራቅ አፍሪካ ዝሆን የጠቀመ ይመስለኛል። የዚምባብዌው ገበሬ ግን ድምፅ አልነበረውም፤ ፖስታው ለእሱ አይደርስም። የአባላት ገንዘብ ከባለጸጋ ገንዘብ ንጹሕ ነው የሚል ይህን ያስብ። የሚለየው አንድ ሰው ሲኮርፍ ማኅበሩ አለመውደቁ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀላል ልዩነት አይደለም። ጌልባም በ2009 በገንዘብ እጥረት ምክንያት ብቻ፣ ያለ ምንም ጠብ፣ ለአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኅብረት የሚሰጠውን ሲያቆም የኅብረቱ ዓመታዊ በጀት ሩብ ያህሉ በአንድ ጊዜ ተቦደሰ።

በእኛ አገር ነገሩን ሕጉ ራሱ ግልጽ አድርጎት ነበር። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በብሔረሰቦችና በጾታ እኩልነት፣ በግጭት አፈታትና በመሳሰሉት እንዳይሠራ ከለከለ። የውጭ ምንጭ ሲባል የውጭ መንግሥትና ድርጅት ብቻ አይደለም፤ ውጭ አገር የሚኖር ማንኛውም ሰው ነው። ዳላስ የሚኖር ወንድም የሚልከው መቶ ዶላር ያው የውጭ ነው። አካባቢ ጥበቃ ከተከለከሉት ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በውጭ ገንዘብ የሚሠራ የዱር እንስሳት ድርጅት ቆርኬና ዋልያ መቁጠር ይችላል፤ ፓርኩ ውስጥ የኖሩት ሰዎች ሲነሡ በምን መብት ተነሡ ብሎ መጠየቅ ግን የሌላ ድርጅት ሥራ ነው። ያ ሌላው ድርጅት ደግሞ ገንዘብ የለውም።

ጥያቄው ከአዋጁም በፊት ነበር። ነጭ ሳር ፓርክ፣ ከአርባ ምንጭ ማዶ በአባያና በጫሞ መካከል፣ በ2004 በተፈረመ ውል አፍሪካን ፓርክስ ለተባለ ፓርኮችን ለሚያስተዳድር ድርጅት እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ድርጅቱን ካቋቋሙትና በገንዘብ ከደገፉት ዋናው የኔዘርላንድ ባለሀብት ፖል ቫን ቭሊሲንገን ነበር። ድርጅቱ ሥራውን ከመረከቡ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 2004፣ በፓርኩ ውስጥ የጉጂዎች 463 ቤቶች መቃጠላቸው ተዘገበ። ማስነሣቱ የመንግሥት ውሳኔ ነው፣ እኛ የለንበትም የሚል ነበር የድርጅቱ መልስ። በኋላ የኦሞ ፓርክንም ያዘ፤ በ2008 ሁለቱንም ለቅቆ ወጣ፤ ከነዋሪዎቹ ጋር በመሬት አጠቃቀም ላይ ዘላቂ ስምምነት አለመገኘቱን ምክንያት አድርጎ። እዚህ ላይ ባለሀብቱ ብቻ አይደለም የሚያስጨንቀው። መንግሥት ፈቃድ ሰጪ፣ ውል ተቀባይና የመሬቱ ባለቤት ሲሆን፣ አንድም ብር ሳያወጣ ከለጋሽ በላይ ለጋሽ ነው። ዶላር የሚሰጠው ውሉን ቢያቋርጥ ሌላ ይፈለጋል፤ የፓርኩን በር የሚዘጋውን የሚተካ የለም። የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባል ለማንም ያሳፍራል፤ እዚህ ግን ከማፈርም በላይ ነው፣ ሥራው ራሱ ይቆማል።

በ2019 አዋጅ 1113 መጣ። የ10 በመቶው ክልከላ ተነሣ፤ ድርጅቶች ንግድ ሠርተው ገቢ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው 20 በመቶ ሆነ። መናገር ተፈቀደ። ለተናጋሪው ደመወዝ የሚከፍለው ግን አሁንም ከውጭ ነው፤ በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ባንድ ትእዛዝ ስታቆም ይህ በብዙ ቢሮዎች ውስጥ በአንድ ሳምንት ታየ።

አገር ውስጥ ያለ ማኅበር ሁለት ሰው ብቻ፣ አንድ የፖሊሲ ባለሙያና አንድ የሕግ ሰው፣ ከማንም ፕሮጀክት ያልታሰረ ደመወዝ እየከፈለ ለማኖር ስንት ያስፈልገዋል? በወር 40,000 ብር ብንል ሁለቱ በዓመት 960,000 ብር ናቸው። 2,000 አባላት በዓመት 500 ብር ቢያዋጡ 1 ሚሊዮን ይሞላል፤ በቴሌብር የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። ብዙ ማኅበራት የሚወድቁት አባል በመመዝገቡ ላይ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ቲሸርትና የፓርክ ጉብኝት አዘጋጅተው 2,000 ሰው ይመዘግባሉ፣ በሁለተኛው ዓመት የሚያስታውስ መልእክት የሚልክ ሰው አልተቀጠረም፣ ግማሹ ይቀራል። ያን ሠራተኛ ለመቅጠር የሚሰጥ ግራንት ደግሞ የለም፤ ለጋሽ የእንስሳት ቆጠራ እንጂ የአባላት ክፍል በጀት አይወድም። ስለዚህ ከመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ላይ ሩቡን ለማደሻው ሥራ መቁረጥ፣ የሕግ ሰውየውን ለአንድ ዓመት በግማሽ ጊዜ መያዝ፣ ሙሉ ጊዜ ማድረጉን 3,000 አባል እስኪሞላ ማቆየት ነው የሚያዋጣው።